ተንሳፋፊው ድልድይና የአባቴ ቀልድ

ባለፈው ሳምንት በዲቪ የመጣውን የአጎቴን ልጅ ከሲታክ ኤርፖርት ተቀብዬ ስነዳ፣ መንገዱ ከመሬት ተላቅቆ ውሃው ላይ የሚያርፍበትን የብረት መጋጠሚያ ጎማው ሲረግጠው ዱብ ዱብ አለ። ያን ድምፅ የትም ብሰማው አውቀዋለሁ። ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ «ተንሳፋፊው ድልድይ ይኼ ነው አይደል? ቪዲዮውን አይቼዋለሁ» አለኝ።

አባቴ ቢሰማው ያዝን ነበር። ታክሲ ነጂ ነበር። የምንኖረው ከሐይቁ ወዲህ፣ ቼሪ መንገድ አጠገብ ሲሆን፣ ከአገር ቤት ሰው በመጣ ቁጥር እንግዳውን ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ቤት አያመጣውም። ሻንጣውን ጭኖ፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ፣ የቤታችንን መታጠፊያ ያልፍና ሐይቁን ያቋርጣል፤ ማዶ ሲደርስ ውሃው ዳር ፓርክ አድርጎ ወደ እንግዳው ይዞራል። «የመጣህበትን መንገድ አየኸው? ከሥሩ ምሰሶ የለውም። ኮንክሪቱ ውሃው ላይ ተኝቶ ነው። በዓለም የመጀመሪያው እዚሁ ነው የተሠራው። እንደ ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሄደህ መጣህ።» አንዱ ያማትባል፣ ሌላው ወርዶ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያያል። ያን የደነገጠ ፊት ሲያይ አባቴ ድልድዩን ራሱ የፈለሰፈው ይመስል ነበር። ማዶ ሳይደረስ እንዳልናገር አስጠንቅቆኛል፤ ለእንግዳ ሰላምታ መስጠት እንኳ ለሚጨንቀኝ ልጅ ይህ ከባድ አልነበረም።

በዘጠናዎቹ መግቢያ፣ አባቴን ያሳደጉት ታላቅ እህቱ እትዬ ዘነበች መጡ። ያኔ የመጀመሪያው ድልድይ ለጥገና ተዘግቶ፣ መኪና የሚሄደው አጠገቡ በተሠራው፣ እንደሱው በሚንሳፈፍ ታናሽ ወንድሙ ላይ ነበር። አባቴ ማዶ ቆሞ ንግግሩን ሲጨርስ እትዬ አልሳቁም። ውሃውን ብዙ ካዩ በኋላ፣

«ጴጥሮስ እኮ መስጠም ጀምሮ ነበር» አሉ።

«እትዬ፣ ኢንጂነር ነው የሠራው።»

«የሚዋኝ ድንጋይ የለም። ልጅህን ከኋላ ጭነህ ትቀልዳለህ?»

በመጡበት አልመለስም ስላሉ ሐይቁን በደቡብ ጫፉ፣ በሬንተን ከተማ በኩል ዞረን ቤት ገባን።

ጭንቁ የመጣው ሥራ ሲያገኙ ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ባለ ሆቴል አንሶላ ማጠብ። አውቶቡሱ በድልድዩ ነው የሚሄደው፤ እምቢ ካሉ ሥራው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። አባቴ ያን ሰሞን ሁሉ ለመናቸው። አንድ ቀን የእቃ ማጠቢያውን ገንዳ ውሃ ሞልቶ ባዶ ድስት አንሳፈፈበት። «ይኸው፣ ድልድዩም ውስጡ ክፍት ነው፤ ለዚህ ነው የማይሰጥመው።» እትዬ ድስቱን በጣታቸው ገፋ አድርገው፣ «ውሃ ሲገባበትስ?» አሉ። «አይገባበትም» አለ። እናታቸው ቢነግሯቸው የማያምኑትን፣ ያሳደጉት ልጅ ስለነገራቸው አመኑ። ሰኞ ሊጀምሩ ቃል ሰጡ።

እሑድ፣ ዝናቡ ቀናት ሙሉ ሳያባራ ከርሞ፣ ቴሌቪዥኑ አሮጌውን ድልድይ አሳየን። ውሃ ገብቶበት ነበር። ድሮ መኪና ይሄድበት የነበረው ያ ሰፊ መንገድ ከነመብራት ምሰሶው ዘመም አለና፣ ክፍል በክፍል እየተቆረሰ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ማንም አልተጎዳም። አባቴ እንደቆመ ቀረ፤ ቀስ ብሎ ወደ ኩሽና፣ ወደ ድስቱ ሲያይ አየሁት። እትዬ የሚናገሩትን ሁላችንም ጠበቅን። ተነሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ።

ሰኞ ጠዋት፣ ለመጀመሪያው ቀን አባቴ በታክሲው ሊያደርሳቸው ነበርና፣ እትዬ ኮታቸውን ቆልፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ዛሬ ባይሄዱስ? ለሆቴሉ ኮል አድርጌ እነግራቸዋለሁ።»

«የሰጠመው ያኛው ነው። ጴጥሮስንስ እጁን የያዘው አለ አይደል? ንዳ።»

ጎማው መጋጠሚያውን ሲረግጥ አባቴ አማተበ፤ መኪና ውስጥ ሲያማትብ አይቼው አላውቅም። ታላቁ ድልድይ በነበረበት ባዶ ውሃ አለ። እትዬ ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። ማዶ ስንደርስ አባቴ ውሃው ዳር አልቆመም፤ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ነዳ።

ድልድዩ በኋላ እንደገና ተሠራ። እትዬ ጡረታ እስኪወጡ አውቶቡስ ውስጥ እያንቀላፉ ተመላለሱበት። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ እንግዳን ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ቤት አመጣ።

አሁን ከአጎቴ ልጅ ጋር ድልድዩ ላይ ስነዳ፣ ያየው ቪዲዮ የአሮጌውን ድልድይ መስጠም እንዳላሳየው ገባኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ማዶ ደርሰን ውሃው ዳር ፓርክ ካደረግሁ በኋላ ነገርኩት። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ወደ ውሃው ዞረ። ፊቱ ያ ድሮ የማውቀው ፊት ሆነ፤ አብሮኝ እንዲያየው በዓይኔ የምጠቅሰው አባቴ ግን አጠገቤ አልነበረም።