ከዳር የቆመችው ልጅ

የኮሌጁ ቤተ መዛግብት ሠራተኛ ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ ለማለት አትደፍርም። ሰሞኑን እየመጡ የድሮ ተማሪዎችን ፎቶና ጋዜጣ ሲያገላብጡ ብቻ ነው የምታያቸው። ክራባት ሳያስሩ አይመጡም። ጓንት ብትሰጣቸውም መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ፎቶውንም እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርገው ያነሳሉ።

ዛሬ የቲያትር ክበቡን ፎቶ አቀረበችላቸው። ነገ ኤግዚቢሽን ይከፈታል፤ አለቃዋም የሁሉም ስም ያልታወቀበት ፎቶ አይሰቀልም ብሏታል። የተማሪዎቹ ጋዜጣ ትርኢቱን አሞካሽቶ ስም ሳይጠቅስ አልፏል።

«ይሄን ሰንበሌጥ ነበር የምንለው» አሉ። «አሁን ቦርጩ ቀድሞት ነው በር የሚገባው። ይቺ ደግሞ ፈተና ሲደርስ ትታመማለች፣ ሲያልፍ ትድናለች።»

እየሳቀች፣ የነገሯትን የተማሪዎቹን ስም ሁሉ ከነአባታቸው ጻፈች።

«እርስዎስ የታሉ፣ ጋሼ?»

«ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያነሳሁት ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳላይ እንዳልሞት እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብለሽ ነው?»

አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች። ከዳር ቆማለች፤ እጅጌው ጣቶቿን የሸፈነ የወንድ ኮት ደርባለች። ሌሎቹ እርስ በርስ ሲሳሳቁ እሷ ብቻ ወደ ካሜራው ታያለች።

«ይቺስ ማን ናት?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ስሟ ከሌለ ፎቶው አይሰቀልም እኮ።»

መነጽሩን መልሰው አደረጉና ልጅቷን ትንሽ አዩዋት።

«እንግዲያው ፎቶው ይቅር፣ ልጄ፤ ስሟ እኔው ጋ ይቆይ» አሉ።