እህቴን ያለፋት በሽታ

ዘመኑ 1996 ዓ.ም. ነበር፤ እኔም ያኔ የሠላሳ ስድስት ዓመት ጎልማሳ። ዛሬ ነገሩን ያስታወሰኝ ሬዲዮ ነው። ሰሞኑን አንድ ሐኪም፣ ኤች አይ ቪ ካለበት ባል ጋር ኖረው ሳይያዙ የቀሩ ሴቶች አሉ ሲል ሰማሁ። እንደ አዲስ ነው የሚያወራው። እኛ ቤት እኮ አለች፤ ታናሽ እህቴ ጥሩነሽ። በምን እንደዳነች ግን እስከ ዛሬ እቅጩን የነገረን የለም።

ባሏ በአዲ አርቃይ መንገድ የጭነት ማኪና ይነዳ ነበር። በዚያ በሽታ ከስቶ ሞተና እሷን ወደ ቤቴ አመጣኋት። ጎንደር ሐኪም ቤት መረመሯት፤ ነጻ ናት አሉ። ደግመው መረመሯት፤ ነጻ። እኔ አላመንኩም። ያን ያህል ዘመን አንድ አልጋ ላይ ተኝታ? ወይ ሐኪሞቹ ይዋሻሉ፣ ወይ እሷ ትደብቀኛለች። የአገሩ ሰውም እንደኔው ነበር። በማርያም ማኅበር ጽዋው ከእሷ እጅ ከወጣ በኋላ የሚጠጣው የለም፤ ሁሉም "ጠገብኩ" ነው።

ገብስ በሚወቃበት ሰሞን አንዲት ወጣት ሐኪም ማኪናዋን ዋናው መንገድ ላይ ትታ በእግሯ መጣች።

"አያ፣ የጥሩነሽን ደም ለጥናት ፈልገን ነው። ነገ ማኪና እንልካለን።"

"ነጻ ናት ካላችሁ ደሟ ምን ያደርግላችኋል?"

"በሽታው ለምን እንዳልያዛት ለማወቅ ነው። ሰውነቷ ውስጥ የሚከላከልላት ነገር ይኖር ይሆናል።"

"ይሆናል? አታውቁትማ።"

"አናውቅም። ወደፊትም አይይዛትም ማለት አይደለም፤ መጠንቀቅ አለባት።"

አላውቅም የሚል ሐኪም ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። እሱም አጠራጠረኝ። ደሟን ቢሸጡትስ?

አጠገባችን ገብስ ስታበጥር የነበረችው ጥሩነሽ ሰፌዷን አስቀመጠች። "አያ፣ እሱን ቀበርኩት። እኔ በምን እንደተረፍኩ ሳላውቅ ልቅር?"

"የሐኪም ማኪና ደጃችን ቆሞ ከታየ ጽዋውንም አያቀብሉሽ" አልኳት። ወደ ሐኪሟ ዞሬ "ማኪናችሁ ይቅር፤ ራሴ አመጣታለሁ" አልኩ።

በማግሥቱ ማለዳ አንዲት ቄብ ዶሮ አስታቀፍኳትና ወደ አውቶቡሱ ወረድን። የማኅበራችን ሰው የሆነ ጎረቤት መንገድ ላይ አገኘን።

"ወዴት ነው?"

"ዶሮ ልንሸጥ፣ ጎንደር።"

"ምነው፣ እዚሁ ገበያ እያለ?"

"እዚህማ ሁላችሁም ጠግባችኋል" አልኩት።

ሐኪም ቤቱ ስንደርስ ዶሮዋን ተቀብዬ ብብቴ ውስጥ ያዝኳትና፣ መርፌው ከነማሸጊያው መጥቶ ማሸጊያው ዓይኔ እያየ እስኪቀደድ ድረስ ከእህቴ ጎን ንቅንቅ አላልኩም።