የዋርሳዋ መኪና

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሷማ ጭራሽ መርሳትም አልፈለገችም።

ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ቦታ የመኪና ኤሲ ትጠግናለች። ሾፌሮቹ «በረዶዋ» ይሏታል። ሙያውን ያስተማራት ባሏ ነበር። በአንድ ጋራዥ ውስጥ እሱ ከኮፈኑ ሥር፣ እሷ ከዳሽቦርዱ ሥር ተወሽቀው፣ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየተጯጯሁ ሲሠሩ ኖረዋል። ባሏ በድንገት ሲሞት ግን ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ የሐዘን ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ጋራዡን ቆለፈባት።

«ሴት ልጅ መፍቻ ይዛ ደንበኛ አታሸሽብኝም» አለና ቱታዋን በፌስታል ጠቅልሎ ከበር ውጪ አስቀመጠላት።

የባሏን የኤሲ ጋዝ መለኪያ ብቻ እንዲሰጣት ለምናው ነበር። ባሏ ከጀርባው ላይ ስሟን በምስማር ጭሮበታል።

«የጋራዡ ንብረት ነው» አላት።

አማቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሁሉን እያዩ ትንፍሽ አላሉም።

ቀን ለሁሉም ነው። ፀሐይ አናት በምትበሳበት አንድ ቀትር ላይ የዋርሳዋ ነጭ መኪና መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ መጣ። እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ ወረደ። ከኋላ ወንበር ላይ አማቷ በሻሻቸው ጫፍ ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«እህቴ፣ ደህና ነሽ?»

«ከመቼ ወዲህ ነው እህትህ የሆንኩት?»

«ያው... ኤሲው ትኩስ አየር ይተፋል። የጋራዡ ልጆች ጋዝ ሞሉ፣ ኮምፕሬሰር ቀየሩ፣ ወይ ፍንክች! እማዬን ደግሞ ሐኪሙ ሙቀት ከልክሏታል። ወደ ሕክምና በዚህ መኪና ነው የምወስዳት።»

አማቷን ደግፋ አወረደቻቸውና ከጥላው ሥር፣ ከማራገቢያው ፊት አስቀመጠቻቸው። በሳቸውም ላይ ሆዷ ሻክሯል፤ ግን በሙቀት የምትቀጣው አሮጊት አልነበረችም።

ከዚያ ሞተሩን አስነስታ ኮፈኑን ከፈተች። ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን ወፍራም የኤሲ ቱቦ ጨበጠችው። ቀዝቅዞ ውሃ ያዘንባል። ጋዙም ደህና፣ ኮምፕሬሰሩም ደህና። እንግዲህ ቅዝቃዜው ሳይጠፋ ውስጥ ሲደርስ የሚያሞቀው አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የሞተሩን ትኩስ ውሃ ወደ ማሞቂያው የሚወስደውን ጎማ በመቆንጠጫ ጥርቅም አድርጋ ያዘችና ትንሽ ቆይታ እጇን አየር መውጫው ላይ አኖረች። አየሩ ይቀዘቅዝ ጀመር። ሙቁንና ቀዝቃዛውን የምትለየው ክዳን በሙቁ በኩል ተከፍታ ቀርታለች፤ ይኸው ነው ሕመሙ።

መቆንጠጫውን ፈታች፤ ኮፈኑንም ጓ አድርጋ ዘጋችው።

«መለኪያ ያስፈልገኛል።»

«ይኸው ተሰቅሎልሽ የለም እንዴ?» አለ ግድግዳው ላይ ያለውን እያሳያት።

«የባሌን ነው ያልኩህ።»

ዋርሳዋ ስልኩን አወጣ። «እሺ፣ ልደውልና ልጆቹ ያምጡት።»

«አይሆንም። አንተው፣ በእጅህ። መኪናው ተፈትቶ ስለሚቆይ በእግርህ።»

ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ጨዋታቸውን አቁመው ጆሯቸውን አቆሙ። ዋርሳዋ ወደ እናቱ ዞረ።

«ሂድ እንጂ! ምን ይገትርሃል?» አሉት።

ሄደ። ጀርባው በላብ እየጨቀየ አስፋልቱን ሲያቋርጥ፣ እሷ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እስኪሰወር ድረስ አየችው። እንዲህ የጣማት ነገር ከስንት ጊዜ ወዲህ አልነበረም።

«መለኪያው የግድ ነው?» አሉ አማቷ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይደለም፣ እማዬ።»

አሮጊቷ ወደ እሷ ዞሩ። «ያኔ ዝም አልኩሽ።»

«አዎ፣ ዝም አሉኝ።»

«እንግዲያው አሁንም ዝም እላለሁ።»

ዋርሳዋ ሲመለስ መለኪያውን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ተቀብላው ገለበጠችው፤ ስሟ አለ። በጣቷ ዳበሰችውና ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በጀርባዋ ተኝታ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባች። ክዳኗን የሚጎትተው ሽቦ ከቦታው ወልቋል። መልሳ ሰካችው፤ የተሰበረውን መያዣም ቀየረችለት። ሞተሩ ሲነሳ መውጫዎቹ ቀዝቃዛ አየር ይነፉ ጀመር።

«መለኪያውን እኮ አልነካሽውም!» ጮኸ ዋርሳዋ።

«ያስፈልገኛል አልኩ እንጂ ለመኪናህ መች አልኩህ?»

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። ዋርሳዋ አፉን ከፈተ፤ ግን እናቱ ቀድመው መኪናው ውስጥ ገብተው «ንዳ!» አሉት። መስኮታቸውን ሳይዘጉ እሷን ጠሯት።

«ይቅር በይን፣ ልጄ።»

«እርስዎን አስብበታለሁ» አለች። «እሱን ግን አላስብበትም።»

መኪናው ሲርቅ አለቅሳለሁ ብላ ነበር። ራባት እንጂ አላለቀሰችም፤ ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች። ከዚያ ወዲያ ታሪኩን ለመጣ ሾፌር ሁሉ አወራችው፤ ባወራችው ቁጥርም መንገዱን አረዘመችው፣ ፀሐዩንም አከረረችው። ወሬው ጋራዡ ድረስ ደርሶ፣ ዋርሳዋ በሩ ላይ የነበረውን «ኤሲ እንጠግናለን» የሚል ጽሑፍ በቀለም አጠፋው አሉ።

ይህን የነገራት ሾፌር «እንግዲህ ይብቃው፣ በረዶዋ» አላት።

«ገና ነው» አለችና የሚቀጥለውን ኮፈን ከፈተች።