ሜዳ ብቻ ያግባልኝ

እናቴ የተሳለችው ሰው እየሰማ ነው። ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ሙሉ ምእመን እየበላ፣ "ልጄን ሜዳ ብቻ ያግባልኝ እንጂ ባለ ወርቅ ጥልፍ ጃንጥላ አስገባለሁ" አለች። አለቀላት።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ነው። ወንድሜ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ፣ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ገብቶ ነበር። ገባ ማለት መለያ ለበሰ ማለት ነው። በልምምድ ቀን ዋናዎቹ እየተጋጩ የሚጥሉት እሱን ነው። ቅዳሜ፣ ጨዋታ ሲኖር፣ ዳር ይቆማል።

ጨዋታው በኮሌጁ ዌብሳይት ስለሚተላለፍ ኢስትሙር ሰፈር ያለው ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ በአባቴ ጓደኞች ይሞላል። ስለ ጨዋታው የሚያውቁት ነገር ቢኖር የወንድሜን ቁጥር ነው። ከሁሉም የሚብሱት ሞርስ ሮድ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ የሰበካ ጉባኤው ሰው፣ ጋሼ ነበሩ።

"እህት ዓለም፣ የተባረከ ልጅ ነው ያለሽ! ይኸው አንድም ቀን ልብሱን አላቆሸሸም።"

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እናቴም አብራ ትስቅና ወጥ ትጨምርላቸዋለች።

"ጋሼ፣ ለመሆኑ ስንተኛው ኳርተር ነው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አንቺ ደግሞ ሂጂ ፖላሪስ ሞል ጫማሽን ሽጪ!"

"እሸጣለሁ። እርስዎም የሰው ወጥ ይጨርሱ።"

አባቴ በዓይኑ ገደለኝ።

ማታ ወንድሜ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ዲድ ዘይ ላፍ?" ብሎ ነው። አልዋሸውም፤ ስቀዋል እለዋለሁ። ሌላ ምንም አይፈልግም፤ አንዴ ገብቶ አፋቸውን ማስያዝ ብቻ።

የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ቡድኑ ተዋረደ። አሰልጣኙ ተስፋ ሲቆርጥ ዋናዎቹን አውጥቶ ዳር የቆሙትን አስገባ። የወንድሜ ቁጥር ሮጦ ሜዳ ገባ። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ጨዋታው ሲቀጥል ኢንተርኔቱ ቀጥ አለ። ምስሉ ሲመለስ የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ሜዳው ላይ ተንበርክከው ነበር።

ጋሼ ከሶፋው ተነሱ። "አያችሁ! ፈረንጆቹ እንኳ ተንበርክከው ሲያመሰግኑ!"

ቤቱ ቀለጠ። አንዱ እንዲያውም ጫማውን አውልቆ አማተበ።

"ሰው ሲጎዳ ነው የሚንበረከኩት!" ብዬ ጮህኩ። "የወደቀ ሰው አለ!" ማን ይስማኝ። ካሜራው ሲጠጋ ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ የሚንፈራገጠው እሱ ነበር። ቁጥሩን ሁሉም ያውቁታል። እልልታው ግን ቶሎ አልቆመም፤ ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ገና መቀበላቸው ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ያንኑ ጠየቀኝ። "ዲድ ዘይ ላፍ?"

"አልሳቁም። እልል አሉ።"

ፈገግ አለ። መቼ እንዳሉ አልነገርኩትም።

ቀዶ ጥገናው እንዳለቀ ጋሼ ደወሉ። ልጁ ገብቷል፣ ስለት ይፈጸማል። እናቴ ጃንጥላውን ገዛች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ወንድሜን በክራንች አቆሙትና ጋሼ ጃንጥላውን በላዩ ላይ ዘረጉት። እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥልፉን ሁሉም አደነቁ፤ ተቀመጥ ያለው አልነበረም። ይግባ ብላ ነው የተሳለችው፤ እንዴት እንደሚወጣ አልጠየቀችም።

"እህት ዓለም፣ ለከርሞስ ምን ትሳያለሽ?" አሉ ጋሼ እየሳቁ።

እናቴ ክራንቹን አየች። ከዚያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ብቻ ይራመድልኝ እንጂ የመቅደሱን መጋረጃ አስገባለሁ" አለች።

አዳራሹ እልል አለ።