ኳሷ ቋሚውን ነክታለች

ፊደል በቅጡ አልቆጠርኩም፤ ዓይንና ጆሮ ግን አላህ ሰጥቶኛል። ልጄ የአውስትራሊያ እግር ኳስ የሚሉትን፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን ጨዋታ ትጫወታለች፤ ቡድኗ የጎል ዳኛ ሲያጣ እኔን አቆሙኝ። ሌላው ሁሉ ስልኩን ሲነካካ ጨዋታው ያልፈዋል። እኔ ኦክላንድ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አንድ ቦታ መቆም አያቅተኝም።

ሥራው ቀላል ነው። አራት ረጃጅም ቋሚዎች አሉ፣ መረብ የለም። በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መሃል ተመትታ ያለፈች ኳስ ስድስት ነጥብ ናት፤ ሁለት ባንዲራ ታውለበልባለህ። ቋሚ ነክታ ካለፈች ግን አንድ ነጥብ፣ አንድ ባንዲራ።

ለዋንጫው ጨዋታ ሳን ሆዜ ሄድን። ልጄ ፓሎ አልቶ ነርስ ናት። የጉልበቷ መገጣጠሚያ አልቆ ሐኪም በቃሽ ብሏታል፤ ያቺ የመጨረሻ ጨዋታዋ ነበረች። ዋንጫ አንስታ አታውቅም። ታክሲ የሚነዱ የመስጊድ ወዳጆቼ፣ የወሎ ሰዎች፣ ሥራቸውን ትተው ሊያዩዋት መጡ።

በሦስት ነጥብ እየተመራን ልጄ ኳሷን ከአየር ላይ ቀለበች። እዚያ ጨዋታ ላይ የቀለበ ሰው ተረጋግቶ ይመታል፤ የማብቂያው ጡሩምባ ቢነፋም ምቱ አይቀርበትም። ተነፋ። እያነከሰች ተንደርድራ መታች።

ኳሷ በአናቴ ላይ አለፈች። ሰው ሁሉ ዘለለ። እኔ ግን የቀኙን ቋሚ ታክካ ስትሄድ ድምፁን ሰማሁ፣ ስትታጠፍም አየሁ። ነክታለች ለማለት ቋሚውን በመዳፌ መታ መታ አድርጌ አንድ ባንዲራ አነሳሁ። በሁለት ነጥብ ተሸነፍን።

ዋናው ዳኛ እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ፤ ነኝ አልኩት፣ አለቀ። እምቢ ያሉት የኛዎቹ ናቸው። ሦስት ሆነው፣ ለጋብቻ እንደተላከ ሽማግሌ እጃቸውን አጣምረው፣ ሜዳውን አቋርጠው መጡ።

ትልቅየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅህ ናት፣ ብታጠፋም ይቅር በላት። ለሽበታችን ብለህ ያቺን ሁለተኛዋን ባንዲራ አንሳት።»

«ሽምግልና ለተጣላ ነው» አልኩት። «እኔና ልጄ አልተጣላንም።»

አንደኛው ወደ ጎን ዞሮ ያልተማረ ሰው ዳኛ አድርገው ብሎ አጉረመረመ። ቋሚው ላይ የሚነበብ ነገር የለም አልኩት።

ልጄ እያነከሰች ደረሰች። ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ።

«አባ፣ ነክታለች?»

«ነክታለች።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ሁለተኛዋን ባንዲራ ግን አላነሳሁም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ «ጋይስ፣ ተዉት፣ ፕሊስ» አለቻቸውና አሸናፊዎቹን ልትጨብጥ ሄደች። የነሱ አምበል ልታመሰግነኝ ብትመጣ፣ ለናንተ ብዬ አይደለም ብዬ መለስኳት።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፤ ጉልበቷ ዳግም አላስሮጣትም። ትልቅየው ሽማግሌ እስከ ዛሬ፣ ከጁምዓ ስንወጣ ጫማችንን እያደረግን ይጠጋኛል። አሁን እንኳ ብቻችንን ነን፣ እውነቱን ንገረኝ ይለኛል።

ነክታለች እለዋለሁ።