ጥቁሩና ብርማው ካሜራ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁንም የምጽፈው በአፌ ልናገረው ስለማልችል ነው፤ ስጽፍ ቢያንስ ፊቴን የሚያየኝ የለም።

በጋዜጠኝነት ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ሥራ ግን አላገኘሁም። ቃለ መጠይቅ ላይ ድምፄ ይጠፋል። ጠያቂዎቹ "ጮክ በዪ" ሲሉኝ ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል። ፎቶ ማንሳት ግን እችላለሁ። የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የትምህርት ክፍላችንን ካሜራ ተራ እየጠበቅኩ ነው። ካሜራ የያዘን ሰው ማንም ተናገር አይለውም፤ ለዚህ ነው የወደድኩት።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ያለ አንድ የሰርግ ፎቶ ቤት ረዳት ፎቶ አንሺ እንደሚፈልግ የጎረቤታችን ልጅ ነገረችኝና አንድ አርብ ጠዋት ሄድኩ። ስደርስ ሌላ አመልካች ቀድማኝ ተቀምጣለች። ሀያት ትባላለች። የመካኒሳ ልጅ ናት፤ ሰፈራቸው ውስጥ ሰው በተዳረ ቁጥር በአጎቷ አሮጌ ካሜራ የምታነሳው እሷ እንደሆነች ገና ስሜን ሳትጠይቀኝ አጫወተችኝ። ትዕግስት እባላለሁ ስላት ወዲያው ቲጂ አለችኝ።

ባለቤቱን ሠራተኞቹ ዳኒ ይሉታል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካሜራዎች አስቀምጧል። ሁለቱም ሚረርለስ ከሚባሉት፣ እንደ ድሮዎቹ ውስጣቸው መስታወት ከሌላቸው ካሜራዎች፣ ለጀማሪ የሚሆኑት ናቸው። አንዱ ጥቁር ነው፣ ሌላው ብርማ። ከአንድ ነጋዴ ወዳጁ እስከ ሰኞ ተውሷቸዋል። የተሻለውን ሊገዛ ነው።

"ሁለት ካሜራ አለ፣ ሁለት ልጆች አላችሁ" አለን። "ነገ ሰርግ አለን፣ እሁድ መልስ። ሰኞ አንድ ካሜራና አንድ ሰው እመርጣለሁ።"

ጥቁሩን ለእኔ፣ ብርማውን ለሀያት ሰጠ።

እኔ ጠንቃቃ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ስለ ሁለቱም የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ጥቁሩ እጅ ላይ ይመቻል፣ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል። ብርማው ቀላል ነው፤ ፊት ፈልጎ የሚይዝበት ፍጥነትም ይበልጣል፣ ጨለም ያለ ቦታ ላይም ይሻላል። ሁለቱም አናታቸው ላይ የፎቶውን ብርሃን የምትጨምርና የምትቀንስ ትንሽ ማዞሪያ አለቻቸው። የብርማው ማዞሪያ ላላ ስለምትል ቦርሳ ውስጥ በራሷ ልትዞር ትችላለች የሚል አስተያየት አየሁና ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ቅዳሜ ከሀያት ጋር ሀይሌ ጋርመንት ተገናኝተን ወደ ጎፋ ታክሲ ያዝን። ታክሲው ውስጥ ሂጃቧን ለማስተካከል ካሜራዋን ከቦርሳ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ማዞሪያዋን አየኋት። ከዜሮ ወርዳ፣ ወርዳ፣ ማይነስ ሁለት ላይ ቆማለች። እንደዚያ ሆና ያነሳችው ፎቶ ሁሉ ይጨልማል።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ካሜራውን ተቀብላኝ "ቀላል ናት አይደል?" አለችኝ። "ናት" አልኩ። ስንወርድ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። ስንወርድ ደግሞ የሙሽራው ሚዜዎች በር ላይ ቆመዋል፤ ሰው ባለበት መናገር አልወድም። እስከዚያ ድረስ ዓይን አፋርነት ነበር ብል አልዋሸሁም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል እንደሠራን ወደ እኔ መጣች።

"የዚህ ስክሪን ደብዛዛ ነው ቲጂ፤ ያንቺስ?"

በአጎቷ ካሜራ የለመደችው በቀዳዳው አጮልቃ ማየት ነው። በዚያ ሲታይ ማዞሪያው የፈለገው ላይ ቢሆን የሚታየው ነገር አይጨልምም። በእነዚህ ግን ይጨልማል። ይህን አታውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።

"አዳራሹ ነው፤ የኔም እንደዚያው ነው" አልኳት።

የእኔ ስክሪን ፏ ብሎ ይታይ ነበር። እንዳታይብኝ ወደ ሆዴ አዞርኩት።

ቀለበት ሊያደርጉ ሲሉ የእኔ ካሜራ ካርዱ መሙላቱን ነገረኝ። ያን ሁሉ ሳነብ ትርፍ ካርድ መያዝ ረስቻለሁ። ደንግጬ ምን ላጥፋ እያልኩ ስነካካ ሀያት ከማዶ አየችኝ። ሰው ገፍታ መጣችና የራሷን ትርፍ ካርድ ከኪሷ አውጥታ እጄ ላይ አደረገችልኝ። "በኋላ ትመልሺልኛለሽ" ብላኝ ሮጣ ወደ ቦታዋ ሄደች። በዚያ ካርድ ነው የዕለቱን ምርጥ ፎቶ ያነሳሁት፦ የሙሽራዋ እናት የልጇን ትንሽ ነጭ ቦርሳ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ።

እሁድ መልሱ መካኒሳ ነበር፤ ግቢ ውስጥ በተጣለ ድንኳን። ምሳ ሲቀርብልን ሀያት የክርስቲያን ሥጋ ስለማትበላ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋችው። "የኔንም ብይልኝ፣ ዛሬ እስኪመሽ መቆም አለ" አለች። እሷ በብስኩት ዋለች። እኔ የእሷን ድርሻ በላሁ። እየበላሁ ማዞሪያዋን አየሁ። እዚያው ናት። በሁለቱ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ አይቻታለሁ።

ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ሞልቶኝ ነበር። እናቴ በየጠዋቱ ስወጣ "ዛሬስ ይቀናሽ ይሆን?" ትለኛለች። ሀያት አፍ አላት፣ ሌላ ቦታ በቀላሉ ትገባለች፤ እኔ ግን ያለ ፎቶ ማን ይወስደኛል? እንዲህ እያልኩ ነው ያሳለፍኩት።

ሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንድ ሠራተኞችና አንዲት ጥፍሯን ያስረዘመች ልጅ ተቀምጠዋል። ዳኒ ፎቶዎቹን ከካርዶቻችን ገልብጦ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ከፈታቸው። መጀመሪያ የእኔን አሳየ። የሙሽራዋን እናት ሲያዩ አንደኛው ሠራተኛ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋ። ከዚያ የሀያትን ከፈተ።

ዳኒ ጥቂት ካየ በኋላ ወደ እሷ ዞረ።

"እኔ ሰርግ ነው የላክሁሽ ወይስ ሰልስት?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። አንደኛው መብራት ጠፍቶባት ይሆናል አለ። ሌላው ሙሽራውን በጥርሱ ነው የለየሁት ሲል ጥፍሯ የረዘመው ልጅም ሳቀች። ዳኒ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳለፈ። መዝጋት ይችል ነበር፤ አልዘጋም። ሙሽራዋ ስትወርድ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ፣ ኬክ ሲቆረስ፤ ሁሉም ጭስ ውስጥ የተነሳ ይመስላል። እኔ ግን ሌላም ነገር ታየኝ። ከጨለማው ሥር ያሉት ፎቶዎች ከእኔዎቹ ይበልጡ ነበር። የቆመችበት ቦታ፣ የጠበቀችው ሰዓት፣ ሰዎቹ እሷን ሲያዩ የሳቁት ሳቅ። እኔ ሰው አጠገብ ያን ያህል መቅረብ አልችልም።

ሀያት ቀስ ብላ ካሜራው እንደሚያጨልም ተናገረች።

"የኔ እህት" አላት ዳኒ፣ "ካሜራ ዓይን አያበድርም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ነሽ አብረሻት የነበርሽው። ካሜራው ነው ወይስ እሷ ናት?"

ሁሉም አዩኝ። ሀያትም አየችኝ፤ እንደምረዳት አምና ነበር የምታየኝ።

"አላውቅም" አልኩ።

"ይቺ ጨዋ ናት" አለ ዳኒ፣ "ጓደኛዋን አታማም።"

ጥቁሩ ካሜራ ተመረጠ። ብርማው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተገፋ። ስለ ሰው ምርጫ የተናገረ የለም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። የጠየቀችልኝ ሀያት ናት። "እንግዲህ ሥራው የቲጂ ነዋ?" አለች።

ዳኒ ፈገግ አለ። ሥራውን የሚስቱ እህት ከያዘችው ሳምንት እንደሆናት ነገረን። በአገጩ ጥፍሯ ወደ ረዘመው ልጅ አመለከተ። እሷ ገና ለማጅ ስለሆነች ካሜራዎቹን የሚሞክርለት ሰው ስለፈለገ ነው እኛን የላከን። ቅር እንዳይለን፣ ደግሞ ቦታ ሲኖር እንደሚደውልልን ጨመረ። ስልካችንን እንኳ አልጻፈም።

ከዚያ ጥቁሩን ካሜራ አንስቶ ሰጠኝ። "ከመሄድሽ በፊት አንዴ አሳዪያት፤ አንቺ ለምደሽዋል" አለኝ።

እምቢ ማለት አልችልበትም። ልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩና ማሳየት ጀመርኩ። ሀያት አብረን ልንሄድ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ባትሪው የት እንደሚገባ አሳየኋት፤ ካርዱ የት እንደሚገባ አሳየኋት። ከዚያ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ነገር ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ሁልጊዜ መጀመሪያ ይቺን ማዞሪያ እያት። ቦርሳ ውስጥ በራሷ ልትዞር ትችላለች። ከዜሮ ከወረደች ፎቶሽ ሁሉ ይጨልማል።"

ድምፄ ጥርት ብሎ ተሰማ። ያን ቀን ማንም ጮክ በዪ አላለኝም።

ሀያት ከበሩ ተመለሰች። ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሄዳ ብርማውን ካሜራ አነሳች። አናቱን አየች። በአውራ ጣቷ ማዞሪያዋን ወደ ዜሮ መለሰቻት። ስድስት ጊዜ ጠቅ አለች፣ ለአንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ፤ ቆጠርኩት። ከዚያ ካሜራውን በቦታው አስቀምጣ አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። የተነሳ ፎቶ ጥርት ማለቱን እንደሚያይ ሰው ነው ያየችኝ።

"ካርዴን ስጪኝ" አለች።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀብላኝ ወጣች።

ልጅቷ "እሺ፣ ቀጥይ እንጂ" አለችኝ። ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሀያትን አላየኋትም። መካኒሳ የሄድኩ እንደሆነ ከታክሲ ስወርድ አንገቴን እደፋለሁ። የሙሽራዋ እናት ፎቶ በትልቁ ታትማ ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰቅላለች፤ በዚያ ሳልፍ ዘወር ብዬ ማየት አልተውኩም። እኔ አሁን የአንድ ሱቅ ዕቃዎችን ፎቶ አነሳለሁ፣ በስልክ። ዕቃ አይናገርም፣ እኔም አልናገርም። አለቃዬ ሰው ሲመጣ "ዝምተኛ ናት፣ ጨዋ ናት" እያለ ያስተዋውቀኛል። በዚያ ቃል ፊቴ ሲቀላ ዓይን አፋርነት ይመስለዋል።

እነዚያ ሁለት ካሜራዎች አሁንም ገበያ ላይ አሉ። ልግዛ የሚል ዘመድ ወይም የሠፈር ልጅ የትኛው እንደሚሻል ይጠይቀኛል። አላውቅም እላለሁ። ይገርማቸዋል። ሁለቱ ሲሠሩ ሁለት ቀን ሙሉ አይተሽ የለም እንዴ ይሉኛል።

አይቻለሁ።