ከውስጥ ማሰሪያ ያለው ቀሚስ

ናዝሬት ውስጥ አንዲት ሴት አርባ ዓመት ሲያልፋት ወገቧ እንደ ትርፍ ቤት ይወረሳል። ማን እንደወረሰው አይታወቅም፤ አዋጅም አልወጣበትም። ልብስ ሰፊው፣ ጎረቤቷ፣ የመሥሪያ ቤቷ ዘበኛ ሳይቀር፣ ሁሉም ተስማምተው ከእንግዲህ ወገብ እንደማያስፈልጋት ይወስናሉ። ከዚያም ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጨርቅ ያለብሷታል፤ እሷም ብዙውን ጊዜ አሜን ብላ ትለብሰዋለች።

ሽታዬ ሰንበታ አሜን አላለችም። አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። በአንድ የመንግሥት እርሻ ቢሮ ታይፒስት ሆና የብርቱካንና የሽንኩርት ሪፖርት ስትመታ ትውላለች። በሪፖርቱ ላይ ምርቱ ሁልጊዜ ከዕቅድ በላይ ነው፤ ሽንኩርቱ ግን በሰልፍ ይገዛ ነበር። ባሏ በአሰብ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በሕይወት ሳለ ከወደብ በተመለሰ ቁጥር ቁራጭ ጨርቅ ሳይዝ አይገባም፤ በወጣትነቷ ከሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ለብሳ የምትታየው እሷ ነበረች። ልጅ አልወለዱም። መኪናው ከነጭነቱ ገደል ከገባ በኋላ ጥቁር ለበሰች። ጥቁሩን ስታወልቅ ግን ከሥሩ የሌላ ሴት ሰውነት ጠበቃት። ደረቷም ሆዷም ሞልተው ነበር፤ የድሮ ቀሚሶቿ ከትከሻዋ በታች አልወርድ አሉ።

ልብስ ፍለጋው የተጀመረው ያኔ ነው። አስፋልቱ ዳር ያሉት ሱቆች የሚሰቅሉት ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ የተሰፋ ነው። ሻጮቹ እጇን ወደ አንዱ ስትዘረጋ ባዩ ቁጥር ለልጇ እንደሆነ ይጠይቋታል፤ ልጅ የለኝም ስትላቸው ለእህቷ ልጅ ያደርጉታል። ለራሷ ነው ብሎ የሚያስብ አንድም አልተገኘም። የቀበሌው ሱቅ ደግሞ በዚያ ዓመት የመጣለት አንድ ዓይነት ቡናማ ቴትሮን ብቻ ነበር። የከተማው ባልቴቶች ሁሉ ከዚያው ጣቃ ቆርጠው አሰፉ፤ ለቅሶ ቤት በረድፍ ሲቀመጡ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይመስሉ ነበር። ምናልባትም ደስ ይላቸው ነበር። አንዷ ከሌላይቱ ተለይታ ካልታየች ማንም በማንም አያፍርም።

ሽታዬም ከዚሁ ጨርቅ ገዝታ ወደ ጋሽ መርዳሳ ወሰደችው። መርዳሳ ከመናኸሪያው ጀርባ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሰፋ፣ «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላምታ ሳይሰጥ የማንንም ልክ የማይወስድ ሽማግሌ ነው። ሰላምታውን ከሰጠ በኋላ ግን ሜትሩን ያነሳው ለወጉ ነበር። ከአርባ በላይ ለሆነች ሴት ሁሉ ሳትጠይቀው አራት ጣት ይጨምራል፤ ይህንንም «መተንፈሻ» ይለዋል። ከደረቷ ሥር እንዲሸበሽብላት፣ አንገቱን ሰፋ እንዲያደርገው አስረዳችው። መርፌ በጥርሱ እንደያዘ አንገቱን ነቀነቀና ጆንያ ሰፍቶ አስረከባት።

«ጋሽ መርዳሳ፣ እኔ ያልኩዎት ይህን ነው?»

«ለእድሜሽ ይበቃል እኮ። ለማን ብለሽ ነው?»

«ለመስታወቴ።»

ሳቁ እስከ መናኸሪያው ተሰማ። ቀኑን ሙሉ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሲነግር ዋለ፤ እንዲህ ያለ ቀልድ በዓመት አንዴ አይገኝም ነበርና።

አረንጓዴውን ቀሚስ ያገኘችው በድሪያ ዘንድ ነው። በድሪያ ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣውን ልባሽ ጨርቅ ገበያው ዳር ሸራ ላይ ከምራ የምትሸጥ፣ ገዢ ሲያገላብጥባት የማትቆጣ ብቸኛዋ ነጋዴ ነበረች። የተከበሩ የሚባሉት ሴቶች እዚያ ክምር አጠገብ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ሲመሽ ሠራተኛቸውን ይልካሉ። ሽታዬ በጠራራ ፀሐይ ተንበርክካ ፈለገች። ከክምሩ ሥር የወጣው ቀሚስ ጨርቁ ለስላሳ፣ አንገቱ ሰፊ፣ ከደረት ሥር ሽብሽብ ብሎ ከጉልበት በታች የሚወርድ ነበር። በውስጡ ግራና ቀኝ የተሰፋ ማሰሪያ አለው፤ ሲፈልጉ ይጠብቃል፣ ሲፈልጉ ይላላል። ሽታዬ ማሰሪያው ለምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ፈረንጅ ጥጋቡን ያውቃል፣ የኔ እህት» አለች በድሪያ። «ሲበላ ያላላዋል።»

ዋጋው ከመርዳሳ የስፌት ዋጋ ያነሰ ነበር። አጥባ፣ ተኩሳ ለበሰችው። ማሰሪያውን ትንሽ ሳብ ስታደርገው ወገቧ እንደገና ታየ፤ ሆዷ በሽብሽቡ ሥር ገብቶ ጠፋ። መስታወቱ ፊት ወዲያና ወዲህ ዞራ ዞራ ለቢሮ አርፍዳ ሄደች።

ለጥቂት ሳምንታት ከተማው ግራ ተጋባ። ዘበኛው «እትዬ» ማለቱን ትቶ «ወይዘሮ ሽታዬ» አላት። የጋሪ ነጂዎች ሳትጠራቸው ይቆሙላት ጀመር። ሴቶቹ ጨርቁን እየዳሰሱ ከየት እንዳገኘችው ጠየቁ፤ ከልባሽ ጨርቅ መሆኑን ስትነግራቸው እጃቸውን ወደ ነጠላቸው መልሰው ጠረጉ።

ሽታዬ ጴንጤ ነበረች። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል። ምእመናኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ዕቁብ የሚጥሉ መስለው በየተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ሬዲዮው በረንዳው አጠገብ ይከፈታል፤ ዝማሬው በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ መዘመር ቀላል የሚመስለው ካለ ሞክሮ ይየው። ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጎ የሚጀምር ሰው ሁሉንም ያስጮኻል፤ ዝቅ ካደረገውም ዜማው ይሞታል። ዜማውን እግድግዳው ላይ ሳያስነካ የሚያወጣ ድምፅ የነበራት ሽታዬ ብቻ ስለሆነች የምትመራው እሷ ናት። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ዝማሬ ከምትመራበት ወንበር ሌላ የኔ የምትለው ቦታ አልነበራትም።

አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ እናትነሽ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚህ በፊት ፈረንጅ ሐኪሞች ባሉበት ሆስፒታል ሠርታለች፤ ይህንን በየንግግሯ መሐል ሳታነሳ አታልፍም። የቀሚሱን ጫፍ ያደነቀች መስላ ገለጥ አድርጋ ማሰሪያውን አየች። ለሽታዬ እንዴት እንደሚያምርባት ነገረቻት። ለምእመናኑ ዋና ሽማግሌ ሚስት ደግሞ፣ ገና ከግቢው ሳይወጡ፣ ይህ ልብስ ፈረንጆች እርጉዝ ሲሆኑ የሚለብሱት እንደሆነ፣ ማሰሪያውም ሆዱ በገፋ መጠን እየላላ የሚሄድ እንደሆነ ነገረቻት። ዕውቀት እናትነሽን የጠቀማት በዚህ ነው።

ማክሰኞ ሳይደርስ አባትየውም ታወቀ፤ የእርሻው ሒሳብ ሹም ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት ዋና ሽማግሌው ጋሽ ንዋይና ወንድም ኢተፋ የሚባል ጎልማሳ በራፏን አንኳኩ። ኢተፋ፣ ንዋይ ሲያዝን የሚያዝን፣ ሲስል የሚስል ሰው ነው።

«እህት ሽታዬ፣ ሸክም ይዘን ነው የመጣነው» አለ ንዋይ ሳይቀመጥ።

«አስቀምጡታ። እዚያ ጥግ ቦታ አለ።»

ንዋይ ቀልድ እንደማይገባው ሰው ሁሉ ጣራ ጣራ አየ። በነገሩ ዙሪያ ብዙ ዞረ። ለደካሞች ማሰናከያ ስለመሆን፣ ስለ ክፉ ቀን፣ በሩን ሊያዘጋ ሰበብ ስለሚፈልገው ቀበሌ አነሳ። ሽታዬ ምን እያለ እንደሆነ የገባት ዓይኑ ቀሚሷ ላይ ሲያርፍ ነው። በመጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ተቋረጠ።

«አባቱ ማነው ይላሉ?»

«ስም አናነሳም።»

«እኔ ሳላውቀው እናንተ ካወቃችሁት ሰላም በሉልኝ።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ጋሽ ንዋይ፣ ባለቤቴ ሳለ እጅዎን ራሴ ላይ ጭነው ማሕፀኗን ክፈት እያሉ ስንት ዓመት ጸለዩ። አሁን ተሰማ ብለው ነው እንዲህ የደነገጡት?»

 ንዋይ ሐሳብ አቀረበ፤ መልስ ያጡ ሰዎች ሁልጊዜ ሐሳብ አላቸው። ከጤና ጣቢያ አንድ የምርመራ ወረቀት ታምጣ፤ ያም ቢቀር ቀሚሱን ትተወው። ያን ጊዜ ነገሩ ሳይነሳ ይቀራል፣ ዝማሬውንም እንደ ወትሮው ትመራለች። ያ ካልሆነ ግን ለጊዜው ዕረፊ ሊሏት ነው። «ዕረፊ» የሚለውን እንደ ስጦታ ነበር ያወጣው።

ወረቀቱን ለማምጣት በፍጹም አላሰበችም። የምትመረምራት እናትነሽ መሆኗን ታውቃለች። ቀሚሱን ለመተው ግን አሰበች። እንዲያውም ወደ መርዳሳ ወስዳ ማሰሪያውን እንዲፈታው፣ ሽብሽቡንም እንዲያጠፋው ሰጠችው። ወሬው እሱም ዘንድ ደርሶ ስለነበር ሆዷን እያየ መቀሱን አነሳ። «ይህን ካጠፋሁት» አለ፣ «እኔ የሰፋሁልሽን መሆኑ ነው።» ትክክል ነበር፤ ዕድሜውን ሁሉ ከተናገረው ውስጥ ምናልባት ብቸኛው ትክክል። ቀሚሱን ከእጁ ወሰደችበት። ቤት ገብታ ቡናማውን ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች። መስታወቱ ውስጥ የቆመችው ሴት ዝማሬ የምትመራ አትመስልም፤ ከለቅሶ ቤቱ ረድፍ ላይ የጎደለችውን ለመሙላት የመጣች ትመስላለች። አወለቀችው።

በሚቀጥለው እሑድ በአረንጓዴው ቀሚስ ሄደች። ወንበሯ ላይ ጉዲቱ ተቀምጣ ነበር፤ ድምጿ ቀጭን፣ ፍርሃቷ ወፍራም የሆነ ልጅ። ጉዲቱ ከፍ አድርጋ ጀመረች። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርሱ መውጣት የማይቻልበት ከፍታ ስለሆነባቸው አንዱ ጮኸ፣ አንዱ ሳለ፤ የግቢው በር ኳ ሲል ሁሉም በአንዴ ዝም አሉ። ነፋስ ነበር። ሽታዬ ከኋላ ቆማ ዝማሬው ከየት መጀመር እንዳለበት ታውቃለች፤ ከንፈሯን ግን አላንቀሳቀሰችም። አንዳንዶቹ ወደ እሷ ዞር ብለው አዩ፤ ያዩት ግን ሆዷን ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ አልሄደችም።

ክረምቱ መጣ፣ ክረምቱ ወጣ። ሆዷ በነበረበት ነበር። ሰፈሩ በትዕግሥት ጠበቀ፤ ቢሮ ስትገባ ማሰሪያው ምን ያህል እንደላላ የሚገምቱ ነበሩ። ቀሚሱ እንደድሮው ወገቧ ላይ መቆየቱን ሲያዩ፣ የተሳሳተ ሰው የሚያፍር ቢሆን ኖሮ የሚያፍሩበት ጊዜ ደርሶ ነበር። እነሱ ግን ቀላሉን መንገድ አገኙ፤ አስወረደችው አሉ። እናትነሽም በሙያዋ የዘመዶቿን ቤት ሁሉ እየዞረች እንደዚያ የሚደረግባቸውን ቦታዎች አስረዳች። ወሬው በዚህ ሞተ። የፈለገውን ስላገኘ ጠግቦ ሞተ።

ጥቅምት ላይ ንዋይና ኢተፋ ተመልሰው መጡ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሽታዬ መስኮቱ አጠገብ ልብስ ትተኩሳለች። ጉዲቱ ዝማሬውን ጨርሳ ስላበላሸችው ጎረቤት መጠርጠር እንደጀመረ ሽታዬ ቀድማ ሰምታ ነበር። ንዋይ በዚህ ጊዜ ተቀመጠ፤ ፊቱም በርቷል። ሽማግሌዎቹ ብዙ ጸልየው፣ ብዙ አልቅሰው ይቅር እንዳሏት አበሰራት። እሑድ ትምጣ፤ አንገቷን ዝቅ ታድርግ፤ አንዲት ቃል መናገር አይጠበቅባትም፤ ይጸልዩላታል፣ ከዚያም ወንበሩ የእሷ ነው።

ካውያውን መቆሚያው ላይ አስቀመጠች። ወንበሩን ፈልጋዋለች። ወራቱን ሁሉ እሑድ ጠዋት ዜማው ጉሮሮዋ ድረስ እየመጣ ይመለስ ነበር። አንገት ዝቅ ማድረግ ደግሞ ምን አላት፣ በጸሎት ሰው ሁሉ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

«ምን አድርጌ ነው ይቅር ያላችሁኝ?»

«ያለፈውን አናነሳም፣ እህት ሽታዬ።»

«አንድ ነገር ይበሉልኝ። እሑድ እዚያው ሁሉም ባሉበት፣ ምንም አልነበረም ይበሉ። ያኔ እመጣለሁ። ከፈለጉም ቡናማውን ለብሼ እመጣለሁ።»

ንዋይ ኢተፋን አየው፣ ኢተፋ መሬቱን አየ። «እሱማ ሰውን ያደናግራል» አለ ንዋይ። «ይቅርታውን ከተቀበልሽ ይበቃል።»

«እንግዲያስ ይቅርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ለሌላ ትሆናችኋለች።»

በሩን ከፈተችላቸው። እየጸለዩ ሊሰናበቱ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ እሷ ስላልደፋች ተውት። ግቢውን ሳይጨርሱ ሽታዬ ካውያውን አነሳችና መዘመር ጀመረች። በሹክሹክታ አልነበረም። ስንት ዓመት ግድግዳ እንዳይነካ ስትጠብቀው የኖረው ድምፅ በመስኮቱ ወጥቶ መንገዱን ሞላ፤ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ እንኳ ጆሮውን ቀሰረ። ከአሁን ወዲያ በድምጿ ለቀበሌ የምታሲዘው ማንም አልነበራትም።

ንዋይና ኢተፋ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ጥጉ ላይ መሣሪያውን አንግቶ የቆመ የአብዮት ጥበቃ ወደ ቤቱ ሲመለከት ቆይቶ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ከዚያ ቤት ሲወጡ አይቷቸው ነበር፤ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትዘፍን ጠየቃቸው።

«ቤት ተሳስተን ነው የገባነው» አለ ንዋይ፣ ቆቡን እያወለቀ። «ሴትዮዋን አናውቃትም።»

ኢተፋም አንገቱን ነቀነቀ።